አብሮ የሚወለድ ጉድለት፤ የሰር አርቺባልድ ጋሮድ ሕይወትና ሥራ

አንድ ሞተር ሥራውን ሲያቆም ወይም አንድ የውሃ መሥመር ሲቋረጥ፣ ባለሙያው አስቀድሞ የሚጠይቀው ጉድለቱ በየትኛው ቦታ ላይ እንደ ደረሰ ነው። የሰውን አካል በዚህ ዓይነት ጥያቄ የመረመረ፣ በሽታ ሁልጊዜ ከውጭ የሚገባ ጠላት ብቻ አለመሆኑን፣ ይልቁንም አንዳንድ ጊዜ ከፅንስ ጀምሮ በውስጥ አሠራር ላይ የጐደለ አንድ ደረጃ ሊሆን እንደሚችል በማስረጃ ያሳየ ሐኪም እንግሊዛዊው አርቺባልድ ኤድዋርድ ጋሮድ ነው። ዛሬ በዘር የሚወረሱ የኩላሊት ሕመሞች ከየትኛው የጂን ለውጥ እንደሚመነጩና ከአንዱ ሕዝብ ወደ ሌላው ለምን እንደሚለያዩ የሚመረምሩ ሊቃውንት ሁሉ የሚሄዱት እሱ በጠረገው መንገድ ነው። ይሁን እንጂ ጋሮድ በሕይወት ሳለ የሐሳቡን ክብደት የተረዱለት ሰዎች እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ልደቱና ትምህርቱ

ጋሮድ ኖቬምበር 25 ቀን 1857 በለንደን ከተማ ተወለደ። ያደገበት ቤት ሕክምናና ሳይንስ የዕለት ጨዋታ የሆኑበት ቤት ነበር። አባቱ አልፍሬድ ባሪንግ ጋሮድ በዘመኑ ስመ ጥር ሐኪም ሲሆን፣ በሪህ በሚሠቃዩ ሰዎች ደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ የሚባለው ንጥረ ነገር ከልክ በላይ እንደሚከማች በ1848 በኬሚስትሪ ምርመራ አረጋግጧል። ቆየት ብሎም ይህንኑ ምርመራ ማንኛውም ሐኪም ሊሠራው በሚችል መንገድ አቀለለው። ከሕመምተኛው ደም በተለየው ፈሳሽ ላይ ጥቂት አሲድ ይጨመርና አንድ የተልባ እግር ክር ይነከርበታል፤ በክሩ ላይ የዩሪክ አሲድ ቅንጣቶች ተለጥፈው ከታዩ ሕመሙ ሪህ መሆኑ ይታወቃል። የሕመምን ምስጢር በሰውነት ፈሳሽ ኬሚስትሪ ውስጥ መፈለግ ለልጁ ከአባቱ የተላለፈ ልማድ ነበር ማለት ይቻላል።

ጋሮድ የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ካጠናቀቀ በኋላ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የተፈጥሮ ሳይንስን አጠና፤ በ1880ም በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀ። ተማሪ ሳለ በሰማይ ላይ እንደ ጉም ስለሚታዩት ኔቡላዎች የምርምር ታሪክ አንድ ድርሰት ጽፎ የዩኒቨርሲቲውን ሽልማት አግኝቶበታል። የዘመኑ የከዋክብት ተመራማሪዎች የሩቁን ብርሃን በቀለም በቀለሙ የሚለየውን ስፔክትሮስኮፕ ይጠቀሙ ነበር። ጋሮድም ከብዙ ዓመታት በኋላ ይህንኑ መሣሪያ የሕመምተኞቹን የሽንት ቀለም ለመመርመር አዋለው።

የሕክምና ሙያውን የተማረው ለንደን በሚገኘው በጥንታዊው የቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል ሲሆን፣ ከዚያም ወደ ቪየና ሄዶ ዕውቀቱን አዳበረ። በ1886 ሎራ ስሚዝ የተባለች የታዋቂ ቀዶ ሐኪም ልጅ አግብቶ ሦስት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ ወለደ። በ1892 ለንደን ውስጥ በግሬት ኦርመንድ ጐዳና በሚገኘው የሕፃናት ሆስፒታል ተቀጠረ። በቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል ግን የሹመት በር በቶሎ አልተከፈተለትም። ረዳት ሐኪም የሆነው በ1903፣ ሙሉ ሐኪም የሆነው ደግሞ በ1912 በሃምሳ አምስት ዓመቱ ነው። በዚህ ረጅም የጥበቃ ዘመን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ኋላ በቫይታሚን ምርምር የ1929ን የኖቤል ሽልማት ከተካፈለው ከፍሬዴሪክ ጎውላንድ ሆፕኪንስ ጋር ተባብሮ የሽንትን ቀለማት ኬሚስትሪ ሲያጠና ኖረ።

የጠቈረው ጨርቅ

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሐኪሞች አልካፕቶኑሪያ የሚባል እንግዳ ሁኔታ ያውቁ ነበር። ይህ ሁኔታ ያለበት ሰው ሽንት ለአየር ተጋልጦ ሲቈይ ይጠቍራል፤ ሕፃን ከሆነም የሽንት ጨርቁ እንደ ቀለም የነከሩት ይሆናል። ለዚህ ምክንያቱ ሆሞጀንቲሲክ አሲድ የሚባል ንጥረ ነገር መሆኑ በ1891 ተረጋግጧል። ንጥረ ነገሩ ከየት እንደሚመጣ ሲጠየቅ ግን ብዙዎች የሚሰጡት መልስ በአንጀት ውስጥ የገባ ተሐዋስ የሚያመነጨው ነው የሚል ነበር። ዘመኑ የፓስተርና የኮኽ ዘመን ነበርና ሐኪም ሁሉ ለማንኛውም ሕመም ተሐዋስ ቢፈልግ የሚያስገርም አልነበረም።

ጋሮድ በሕፃናት ሆስፒታል ሳለ ይህ ሁኔታ ያለበት ሕፃን ገጠመው። ከሕፃኑ ወላጆች ሌላ እንዲሁ ያለ ልጅ ተወልዶ ነበር። እናቲቱ እንደ ገና ማርገዝዋን በሰማ ጊዜ ጋሮድ አንድ ቀላል ነገር ግን ማንም ያላሰበውን ነገር አደረገ፤ የሚወለደው ሕፃን ጨርቅ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ በጥንቃቄ እንዲታይ አስደረገ። ሕፃኑ በማርች 1901 ተወለደ፤ ጨርቁም ገና በሦስተኛው ቀን በግልጽ ጠቈረ። ይህን በመሰለ አጭር ጊዜ ውስጥ የአንጀት ተሐዋስ ገብቶ፣ ተራብቶ፣ ያን ያህል ምልክት ሊያሳይ ይችላል ብሎ ማመን አስቸጋሪ ነበር። ሁኔታው አብሮ የተወለደ መሆን አለበት።

ጋሮድ ቀጥሎ የጠየቀው ጥያቄ ስለ ዝምድና ነበር። የሕፃናቱ አባትና እናት የእኅትማማች ልጆች ሆነው ተገኙ። ሌሎችንም ቤተሰቦች ሲመረምር የወላጆች የሥጋ ዝምድና ተደጋግሞ ታየው። በዚያው ሰሞን በ1900 የመነኵሴው የሜንዴል የአተር ምርምር ከሠላሳ አራት ዓመት መረሳት በኋላ ዳግመኛ ተገኝቶ የካምብሪጁ ሊቅ ዊልያም ቤትሰን በሰፊው ሲያስተዋውቀው ነበር። ቤትሰን የጋሮድን ማስረጃ እንዳየ ነገሩ በሜንዴል ሕግ የሚፈታ መሆኑን ተረዳ። ነገሩም እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ሰው ከአባቱ አንድ፣ ከእናቱ አንድ የዘር መመሪያ ይቀበላል። ከሁለቱ አንዱ ጤነኛ ከሆነ ጉድለቱ ተሸፍኖ ይኖራል፤ ሁለቱም የጐደሉ ሲሆኑ ግን ይገለጣል። ወላጆቹ ሁለቱም የተሸፈነውን ጉድለት የሚሸከሙ ከሆነ በየወሊዱ ከአራት አንድ ዕድል ልጁ ሁለቱንም ጐደሎ መመሪያዎች ይወርሳል። የአንድ አያት ልጅ ልጆች ሲጋቡ ያንኑ የተሸፈነ ጉድለት አብረው የመሸከማቸው ዕድል ከሌላው ሰው ይልቅ ከፍ ያለ ነው። በኢትዮጵያ በብዙ ቦታ ለጋብቻ እስከ ሰባት ትውልድ ዘር የሚቈጠርበትን ልማድ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ነገር እንግዳ አይሆንበትም።

በ1902 ጋሮድ በመጻሕፍት ተመዝግበው ያገኛቸውን ወደ አርባ የሚጠጉ ሰዎች መረጃ አሰባስቦ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳተመ። ጽሑፉ ስለ አንድ ብርቅ ሁኔታ የሚናገር ቢመስልም ዐቢይ ቁም ነገሩ ከዚያ የሰፋ ነበር። ሰዎች በመልካቸው እንደሚለያዩ ሁሉ በውስጣዊ ኬሚስትሪያቸውም ይለያያሉ፤ አልካፕቶኑሪያም የዚህ ልዩነት ጐልቶ የወጣ ምሳሌ እንጂ ብቻውን የቆመ እንቆቅልሽ አይደለም የሚል ነው።

አራቱ ጉድለቶች

በጁን 1908 የለንደን የሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ ክሩንያን የተባሉትን የክብር ንግግሮች እንዲያደርግ ጋሮድን ጋበዘው። ንግግሮቹ በ1909 በመጽሐፍ ታተሙ። በእነዚህ ንግግሮች ጋሮድ አራት ሁኔታዎችን በአንድ መደብ አሰለፈ። እነሱም አልካፕቶኑሪያ፣ የቆዳና የጠጕር ቀለም የሚያሳጣው አልቢኒዝም፣ ፔንቶስ የሚባል የስኳር ዓይነት በሽንት የሚወጣበት ፔንቶሱሪያና የኩላሊት ጠጠር የሚያስከትለው ሲስቲኑሪያ ናቸው።

የሐሳቡ ይዘት በአንድ የፋብሪካ የሥራ መሥመር ሊመሰል ይችላል። የበላነው ምግብ በሰውነት ውስጥ በአንድ ጊዜ ተቃጥሎ አያልቅም፤ ከደረጃ ወደ ደረጃ እየተላለፈ ይለወጣል። በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ኤንዛይም የሚባል ለዚያ ሥራ ብቻ የተመደበ ሠራተኛ ይገኛል። አንዱ ሠራተኛ ከሌለ ከእሱ በፊት ያለው ዕቃ ይከማቻል፤ ከእሱ በኋላ ሊደርስ የሚገባው ዕቃ ይጐድላል። በአልካፕቶኑሪያ ታይሮሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ሲፈርስ ሆሞጀንቲሲክ አሲድ ከሚሆንበት ደረጃ ደርሶ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያሳልፈው ኤንዛይም የለምና ተከማችቶ በሽንት ይወጣል። ስለዚህ የተከማቸውን ነገር ያየ ሰው የጐደለው ደረጃ የት እንደ ሆነ ሊያመለክት ይችላል። ከዚያ ቀደም የሕመምን ቦታ ለማወቅ ሬሳ ይቀደድ ነበር፤ ጋሮድ ግን ዓይን የማያየውን ብልሽት ሽንትን በመመርመር ቦታውን ለየ።

ጋሮድ ቦታውን የሳተበት ጉድለት

ከአራቱ ሁኔታዎች የኩላሊቱ ጉዳይ የተለየ ታሪክ አለው። ሲስቲን የተባለውን ንጥረ ነገር በ1810 ከፊኛ ጠጠር ውስጥ ያገኘው ዊልያም ዎላስተን ነው። ሲስቲን ድኝ ያለበት የፕሮቲን ክፍል ሲሆን በውሃ ውስጥ በቀላሉ አይሟሟም። በሽንት ውስጥ ሲበዛ እየጠጠረ ኩላሊትንና የሽንት መተላለፊያን ይዘጋል፤ ሕመሙም ብርቱ ነው፤ ጠጠሩ እየተመላለሰ ኩላሊትን ሊጐዳ ይችላል።

ጋሮድ ሲስቲኑሪያ እንደ አልካፕቶኑሪያ ያለ የሥራ መሥመር መቋረጥ ነው ብሎ ገመተ፤ ማለትም ሰውነት ሲስቲንን ማፍረስ ስላቃተው በደም ውስጥ ተከማችቶ በሽንት ይወጣል ማለቱ ነው። የሁኔታው በዘር መወረስ እውነት ነበር፤ የብልሽቱ ቦታ ግን ሌላ ሆኖ ተገኘ። የአንድ አዋቂ ሰው ኩላሊቶች በቀን ወደ 180 ሊትር የሚደርስ ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ፤ ከዚህም ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ከሚሆነው በቀር ሁሉንም ከሚጠቅመው ነገር ጋር ወደ ደም ይመልሳሉ። በ1951 እንግሊዛውያን ሐኪሞች ዴንትና ሮዝ እንዳሳዩት የሲስቲኑሪያ ሕመምተኛ ኩላሊት ሲስቲንንና ሦስት ተመሳሳይ አሚኖ አሲዶችን መልሶ መቀበል ያቅተዋል። ጉድለቱ በማፍረሻው ሳይሆን በመመለሻው በር ላይ ነበር።

ይህ የጋሮድን ክብር አይቀንሰውም። መደቡን በትክክል ለይቶ፣ ሁኔታው አብሮ የሚወለድ መሆኑን አስረግጦ ባይናገር ኖሮ የበሩን ጉድለት የሚፈልግ ባልተገኘም ነበር። ብልሽቱ የት እንደ ሆነ መታወቁም ለሕመምተኛው ጥቅም ሰጥቷል፤ ውሃ አብዝቶ መጠጣትና የሽንትን አሲድነት መቀነስ ሲስቲኑ ሳይጠጥር እንዲወጣ ይረዳሉና።

ጦርነትና ሐዘን

ጋሮድ በ1910 የለንደን ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር አባል ሆነ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ በሠራዊቱ ውስጥ የአማካሪ ሐኪምነት ሥራ ተሰጥቶት ከ1915 ጀምሮ በማልታ ደሴት አገለገለ፤ በ1918ም የሰርነት ማዕረግ ተቀበለ። ማዕረጉ ግን ከመራራ ሐዘን ጋር የመጣ ነበር። ሦስት ወንዶች ልጆች ነበሩት፤ አንዱ በ1915፣ ሌላው በ1916 በጦርነቱ ሞቱ። ሦስተኛው ከጦርነቱ ተርፎ ሳለ በ1919 ኮሎኝ ከተማ ውስጥ በዚያ ዘመን ዓለምን ባጠፋው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ሞተ። የዘርን ምስጢር ሲመረምር የኖረው ሰው ስሙን የሚያስጠራለት ወንድ ልጅ ሳይኖረው ቀረ።

የቀረችው አንዲት ልጅ ዶሮቲ ነበረች። እሷም በጥንታዊ ሰው ቅርስ ምርምር ተሰማርታ በቀርሜሎስ ተራራ ዋሻዎች ባካሄደችው ቁፋሮ ስሟ ታወቀ። በ1939 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የፕሮፌሰርነት መንበር ስትይዝ በኦክስፎርድም ሆነ በካምብሪጅ ለዚህ ማዕረግ የበቃች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። አባቷ ግን ይህን ለማየት አልታደለም።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

በ1920 ጋሮድ የታላቁን ሐኪም የዊልያም ኦስለርን መንበር ወርሶ በኦክስፎርድ ንጉሣዊ የሕክምና ፕሮፌሰር ሆነ፤ በዚህም ሥራ እስከ 1927 ቈየ። በ1931 ሁለተኛውን ዐቢይ መጽሐፉን ስለ ሕመም አብረው የተወለዱ ምክንያቶች ጻፈ። በዚህ መጽሐፍ ሐሳቡን ከብርቅ ሁኔታዎች አውጥቶ ወደ ሰው ሁሉ አሰፋው። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ተሐዋስ ሲገባባቸው አንዱ ሞቶ ሌላው የሚድነው፣ አንድ ዓይነት መድኃኒት አንዱን ጠቅሞ ሌላውን የሚጐዳው ከውስጣዊ ኬሚስትሪያቸው ልዩነት የተነሣ ሊሆን ይችላል አለ።

መጽሐፉ በቂ አንባቢ አላገኘም። ሐኪሞቹ ጋሮድ የሚያወሳቸውን ሁኔታዎች በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ እንኳ የማያዩአቸው ብርቅ ነገሮች ናቸው ብለው አለፏቸው። የዘር ተመራማሪዎቹ በአተር፣ በዶሮና በዝንብ ተጠምደው ነበር፤ ኬሚስቶቹም የዘርን ነገር የእነሱ ጉዳይ አድርገው አልቈጠሩትም። ሐሳቡ በሦስት ሙያዎች ድንበር ላይ የቆመ ስለ ነበር ሦስቱም የጐረቤት ንብረት አድርገው ተዉት። ጋሮድ ማርች 28 ቀን 1936 በካምብሪጅ ከተማ በሰባ ስምንት ዓመቱ ዐረፈ።

ከሞቱ በኋላ

ከአምስት ዓመት በኋላ በ1941 ቢድልና ቴተም የተባሉ አሜሪካውያን በዳቦ ሻጋታ ላይ ባደረጉት ምርምር አንድ ጂን ሲበላሽ አንድ የኬሚካል ደረጃ እንደሚቋረጥ አሳዩ፤ በ1958ም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ቢድል በሽልማቱ ንግግሩ ይህን ሐሳብ ከእነሱ አስቀድሞ የተረዳው ጋሮድ መሆኑን መሰከረ። በዚያው በ1958 በአልካፕቶኑሪያ ሕመምተኛ ጉበት ውስጥ ጋሮድ የገመተው ኤንዛይም እንደሌለ ተረጋገጠ፤ ጂኑም በ1996 ተገኘ። በ2020 ደግሞ ኒቲሲኖን የተባለው መድኃኒት ለዚህ ሕመም በአውሮፓ ተፈቀደ። መድኃኒቱ የጐደለውን ኤንዛይም አይተካም፤ ከእሱ በላይ ያለውን ደረጃ በመዝጋት ክምችቱን ይቀንሳል። ውሃ የሚያፈስ ቧንቧን ለመጠገን ባይቻል ከላይ ያለውን መዝጊያ እንደ ማጥበቅ ነው።

የሲስቲኑሪያ ሁለት ጂኖችም በ1994ና በ1999 ተለይተው ታወቁ። ያኔ ከሕዝብ ሕዝብ ያለው ልዩነት በግልጽ ታየ። በሜዲትራንያን ዙሪያና በአውሮፓ በመጀመሪያው ጂን ላይ የሚደርስ አንድ ለውጥ ተደጋግሞ ይገኛል። ከሊቢያ በመጡ አይሁድ ዘንድ ደግሞ በሁለተኛው ጂን ላይ ያለ ሌላ ለውጥ በዝቶ ከ2,500 ሰዎች አንዱ ሕመምተኛ ሲሆን፣ በስዊድን ሕመሙ የሚገኘው ከ100,000 ሰዎች በአንዱ ነው። ምክንያቱ ሕዝቦች በተፈጥሮ የበላይና የበታች መሆናቸው አይደለም። አንድ ማኅበረሰብ ከጥቂት ቅድመ አያቶች ተነሥቶ በራሱ ክልል ሲጋባ ከኖረ፣ ከእነዚያ ቅድመ አያቶች አንዱ የተሸከመው ለውጥ በትውልዱ ውስጥ ይበዛል። በስሎቫኪያ አልካፕቶኑሪያ ከ19,000 ሰዎች በአንዱ የሚገኘውም በዚሁ ዓይነት ምክንያት ነው።

ጋሮድ በ1931 ስለ ሰው ሁሉ የጻፈው ሐሳብ ከኩላሊት ሕመም ጋር በግልጽ የተገናኘው በ2010 ነው። በዚያ ዓመት አፖኤል1 በሚባለው ጂን ላይ የሚገኙ ሁለት ለውጦች ታወቁ። እነዚህ ለውጦች በምዕራብ አፍሪካ በዝተው የሚገኙ ሲሆን፣ በጸጸ ዝንብ ንክሻ ከሚተላለፈው የእንቅልፍ በሽታ የመከላከል ኃይል ይሰጣሉ። ከአባትም ከእናትም የወረሳቸው ሰው ግን ለብርቱ የኩላሊት ሕመም ይበልጥ የተጋለጠ ይሆናል፤ በተለይም ኤች.አይ.ቪ. በደሙ ውስጥ ሲኖር። በ2011 በታተመ ጥናት ደግሞ እነዚህ ለውጦች በኢትዮጵያውያን ዘንድ እንደማይገኙ ተገለጸ። በእስራኤል አገር የሚኖሩ ቫይረሱ ያለባቸው 338 የኢትዮጵያ ተወላጆች ሲታዩም ቫይረሱ የሚያስከትለው ልዩ የኩላሊት ሕመም ያገኘው አንድም ሰው አልተገኘም። ይህ ማለት ኢትዮጵያውያን ከኩላሊት ሕመም ነፃ ናቸው ማለት አይደለም፤ የደም ግፊትም ሆነ የስኳር በሽታ ኩላሊትን ለመጉዳት የጂን ፈቃድ አይጠይቁም። የሚያስተምረው ነገር አፍሪካዊ የሚለው አንድ ቃል ለሐኪም በቂ መረጃ እንደማይሆን ነው።

ከ1999 ጀምሮ በአሜሪካ ሆስፒታሎች የኩላሊትን አቅም ለመገመት በተስፋፋው ስሌት ላይ ለጥቁር ሰዎች ሁሉ አንድ ማባዣ ቁጥር ይጨመር ነበር፤ ከናይጄሪያ የመጣውና ከኢትዮጵያ የመጣው ሕመምተኛ በአንድ ቁጥር ይባዙ ነበር። በ2021 ከዘር መለያ ነፃ የሆነ አዲስ ስሌት ወጥቶ የቀድሞው እንዲቀር ተወሰነ። ባለሙያ ሁሉ እንደሚያውቀው የተሳሳተ ማባዣ ያለበት ስሌት ቢደጋገም ትክክል አይሆንም። ጋሮድ ከመቶ ዓመት በፊት ያመለከተው መለኪያ የቆዳ ቀለም ሳይሆን የእያንዳንዱ ሰው የራሱ ኬሚስትሪ ነበር።

የጋሮድ ሥራ የተጀመረው በአንድ የጠቈረ የሕፃን ጨርቅ ነው። ያንን ጨርቅ ያዩት ሐኪሞች ብዙዎች ነበሩ፤ ነገሩ ብርቅ ነው ብለው አለፉት። እሱ ግን ብርቅ የሆነው ነገር የተለመደው እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ መስኮት መሆኑን ተረዳ። አንድ ጊዜ ብቻ የታየን ብልሽት እንደ ድንገተኛ ነገር ቈጥሮ ከመዝገብ መሰረዝ በየሙያው የተለመደ ፈተና ነው፤ ጋሮድ በመዝገቡ ውስጥ ያቈየው ያንኑ ሊሰረዝ የነበረ መሥመር ነው።